የ14 ዓመት ልጄ ስካይሪምን መጫወት ይፈልጋል፤ ልፍቀድለት ወይስ ይቆይ?

የማታ_ሻማ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ከአፉ የማይጠፋ አንድ ጌም አለ፤ ስካይሪም። ጓደኞቹ ስለ ዘንዶውና ስለ በረዷማው ተራራ ሲያወሩ እሱ ዳር ላይ ሆኖ ይሰማል። "እማ፣ ሁሉም ተጫውተውታል እኮ" ይለኛል። "ሁሉም" የምትለዋን ቃል ባላምናትም ፊቱን ሳየው ሆዴ ይባባል።

ችግሩ ሽፋኑ ላይ "ኤም" የሚል ምልክት አለበት። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ማለት ነው አሉኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ 13 ዓመቱ ነው። ስልኩ ላይ ሌላ የፋንታሲ ጌም ሲጫወት ይውላል፤ ያኛው ለዕድሜው ይፈቀዳል ስለተባለ ማንም ምንም አይለውም። ሁለቱም ውስጥ ሰይፍ አለ፣ አስማት አለ፣ ጭራቅ ይገደላል። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

እኔ በሕይወቴ ጌም ተጫውቼ አላውቅም። መከልከሉ አይከብደኝም። ግን ጓደኛው ቤት ሄዶ ቢጫወተው ምን እንዳየ እንኳ ሳላውቅ እቀራለሁ። ቴሌቪዥናችን ያለው ሳሎን ነው፤ የ9 ዓመት እህትም አለችው። የምታውቁ ካላችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።


ዘንዶ_አዳኝ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ስካይሪምን እ.ኤ.አ. በ2011 እንደወጣ ነው የጀመርኩት። ያለውን እንዳለ ልንገርሽ።

ጌሙ ሲጀምር እጅሽ ታስሮ ጋሪ ላይ ነሽ። ወደ መገደያ ቦታ እየተወሰድሽ ነው። ከአንቺ በፊት ያለው እስረኛ አንገቱ በመጥረቢያ ሲቀላ ታያለሽ። ቀጥሎ ተራው ያንቺ ነው። አንገትሽን ግንዱ ላይ እንዳስደገፉት ዘንዶ ይመጣና ሁሉም ነገር ይተራመሳል። ይሄ ገና መግቢያው ነው። ስለዚህ ልጅሽ ከመጀመሩ በፊት አንድ ማታ ብቻሽን ተቀምጠሽ ይህችን መግቢያ እያት። እኔ ከምነግርሽ ሁሉ ይበልጥ ትጠቅምሻለች።

ከዚያ በኋላ ደም አለ። ስትዋጊ አንዳንዴ ካሜራው ዞር ይልና የመጨረሻውን ምት በዝግታ ያሳይሻል። መጠጥ አለ። ስኩማ የሚባል አደንዛዥ ነገርም አለ። እርቃን የለም፤ የሞተ ጠላት ልብስ ቢወሰድ እንኳ የውስጥ ልብሱ ይቀራል። ብልግና የሚነካካ ንግግርና ጌሙ ውስጥ የሚነበቡ ጥቂት መጻሕፍት ግን አሉ።

የሌለውንም ልንገርሽ፤ እሱም እኩል ዋጋ አለው። ስካይሪም ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ቻት የለም። በገንዘብ ዕድል የሚሞከርበት ነገር የለም። "ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን" የሚባለው ሌላ ጌም ነው፤ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። እሱ ኦንላይን ከሺዎች ጋር ነው የሚጫወቱት። ልጅሽ የትኛውን እንደሚል አጣሪ።


የሁለት_ልጆች_አባት

ይቅርታ አድርጉልኝና 17 ከተባለ 17 ነው። በ14 እና በ17 መካከል ያለው ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። የ14 ዓመት ልጅ እንደ ሰፍነግ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይመጥጣል። አንድ ሰው አንገቱ ሲቀላ ያየበት ምሽት ለኔ ልጅ አይሆንም።

ደግሞ ልጁ የሚያየው ጌሙን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ያያል። "ይሄ ምልክት ለሌሎች ነው፣ ለኛ አይደለም" ካልነው ነገ ሌላውን ምልክት በምን አፋችን አክብር እንለዋለን? እህቴ፣ እምቢ በይው። ለጊዜው ይከፋዋል፤ ያልፍለታል።


ገመድ_አልባ

ሁለታችሁንም አከብራለሁ። ግን ምልክቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ደግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሠራው ኢኤስአርቢ ይባላል፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። "ኢ" ለሁሉም፣ "ኢ10" ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ "ቲ" ከ13 ጀምሮ፣ "ኤም" ከ17 ጀምሮ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ፔጊ አለ፤ እሱ በቁጥር ነው፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። ሁለቱ ሁሌ አይስማሙም። ኤልደን ሪንግ የሚባለውን ጌም ፔጊ 16 ሲለው ኢኤስአርቢ ኤም ብሎታል። ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በኢኤስአርቢ ከ10፣ በፔጊ ከ12 ጀምሮ ነው። ያው አንድ ጌም ነው እኮ። ስለዚህ ቁጥሩ የተማረ ሰው ግምት ነው። ይከበር፤ ግን ልጅሽን አያውቀውም።

ሽፋኑን ስታዪ ከፊደሉ ይልቅ ከጎኑ የተጻፉትን ቃላት አንብቢ። ደም ነው? ወሲብ ነክ ነው? መጠጥ ነው? አንዳንዱ ቤት ደሙ ያስጨንቀዋል፤ ሌላው ቤት መጠጡ። ፊደሉ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ከስካይሪም በፊት የወጣው የዚያው ተከታታይ ጌም ኦብሊቪየን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ "ቲ" ነበር የተሰጠው። በወራት ውስጥ ወደ "ኤም" ተለወጠ። አንዱ ምክንያት ለገምጋሚዎቹ ከቀረበው በላይ ደም መኖሩ ነው። ሌላው ደግሞ ተጫዋቾች በሠሩት ሞድ ሴት ካራክተሮችን ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ማሳየት መቻሉ ነው።

ሞድ ማለት ሰዎች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው። ስካይሪም በሞድ የታወቀ ነው። ድንቅ የሆኑ አሉ። ለአዋቂ ብቻ የተሠሩም አሉ። በዋናው ጌም ሕፃናትን መግደል አይቻልም፤ ይህን ጥበቃ የሚያነሱ ሞዶች ግን በኮምፒውተር ይገኛሉ። ሽፋኑ ላይ ያለው ምልክት እነዚህን አይመለከትም። ከፈቀድሽ ያለ ሞድ ፍቀጂ።


ጠዋት_ጤዛ

እህቴ፣ እኔ ስለ ስካይሪም አላወራሽም። ስለ እህትሽ ልጅ ነው የምነግርሽ።

ልጄ 13 ዓመቷ ሳለ ስልክ ላይ አንድ ጌም አስገባች። ስሙን አልጠራም። ለዕድሜዋ የተፈቀደ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ ደም የለም፣ ሙዚቃው ልብ ያረጋጋል። እኔም ደስ ብሎኝ ካርዴን ስልኳ ላይ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ አንድ ቀን የባንክ መልእክቶቼን ሳይ ትንንሽ ክፍያዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ጥቂት ናት። ስደምራቸው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ።

ልጄን ስጠይቃት አለቀሰች። "አንድ ካራክተር ፈልጌ ነው፤ ሊወጣልኝ ምንም አልቀረውም ነበር" አለችኝ። ሌባ አይደለችም። ውሸታምም አይደለችም። "ምንም አልቀረም" የምትለዋ ነገር ናት የያዘቻት። የማታውቀው ሰውም በቻት "አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ" ይላት ነበር።

እኔ ጌሙ ውስጥ ደም አለ ወይ ብዬ ነበር የማየው። ደም ስላልነበረ አለፍኩት።


ገመድ_አልባ

ጠዋት ጤዛ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። የብዙ ቤት ጉዳይ ነው።

ይህ አሠራር ጋቻ ይባላል። ገንዘብሽን ትሰጫለሽ፤ ምን እንደሚወጣልሽ አታውቂም። ለምሳሌ ጌንሺን ኢምፓክት በሚባለው ጌም ላይ ባለ አምስት ኮከብ (በጣም ብርቅ) ካራክተር የሚወጣበት መነሻ ዕድል 0.6 በመቶ ነው። ካልወጣ በ90ኛው ሙከራ ይሰጥሻል። ጌሙ ኢኤስአርቢ ዘንድ "ቲ"፣ ፔጊ ዘንድ 12 ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከአሳታሚው ጋር በደረሰበት ስምምነት 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈልና ያለ ወላጅ ፈቃድ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ይህ እንዳይሸጥ ተደርጓል። ቤልጅየም ደግሞ በ2018 እንዲህ ያሉ የሚገዙ የዕድል ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች።

ከ2020 ጀምሮ ኢኤስአርቢም ፔጊም ሽፋን ላይ ይህን የሚናገር ጽሑፍ ያስቀምጣሉ። በዕጣ የሚወጣ ነገር እንደሚሸጥ የሚገልጽ መስመር ካያችሁ ካርዱን ቀድማችሁ አውጡ። ፕሌይስቴሽንም፣ ኤክስቦክስም፣ ኒንተንዶም ላይ ወላጅ ወጪን፣ ቻትንና ሰዓትን የሚገድብበት ቦታ አለ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።


ትሑት_ልብ

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ደሙም ገንዘቡም አይደለም። አስማቱ ነው። በቤታችን ጸሎት አለ። ልጄ ለሰዓታት ጥንቆላ የሚሠራ ሰው ሆኖ ቢውል ነፍሱ ላይ ምን ይቀራል? ይህ ጥያቄ ኋላ ቀር አይምሰላችሁ፤ ከልቤ ነው።


ዘንዶ_አዳኝ

ትሑት ልብ፣ በፍጹም ኋላ ቀር አይደለም። ሳልሸሽ ልመልስ።

የዚህ ዓይነት ጌሞች አባት እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በዳይስ የሚጫወቱት። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል ተብሎ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። የተፈራው አልሆነም። ብዙዎቹ ልጆች አድገው መሐንዲስ፣ ጸሐፊ፣ አስተማሪ ሆኑ።

ግን ይህን ብዬ አላልፍም። አስማት ሁሉ አንድ አይደለም። ከእጅ እሳት መወርወር ለተጫዋቹ እንደ ቀስት ነው፤ መሣሪያ ነው። ስካይሪም ውስጥ ግን ዴይድራ የሚባሉ መናፍስት አሉ። አንዳንዶቹ ክፉ ናቸው፤ ያዝዙሻል፤ ስጦታ ይሰጡሻል። አንዷ የሚከተልሽን ጓደኛ መሠዊያ ላይ እንድትሠዊላት ትጠይቃለች። ሌላዋ የሰው ሥጋ ከሚበሉ ጋር ታገናኝሻለች። ግዴታ አይደሉም፤ ሳይነኩ ጌሙን መጨረስ ይቻላል። ግን አሉ። ቤትሽ ይህን የማይቀበል ከሆነ ስካይሪም ይቅርባችሁ እላለሁ፤ አልከራከርሽም። ዜልዳን እዪ። እዚያ ጀግና አለ፣ ጭራቅ አለ፣ ሰፊ ዓለም አለ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን የለም።


ሰማያዊ_ቀስት

ሰላም። እኔ 16 ዓመቴ ነው። እዚህ ከሁላችሁ ታናሽ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ስለ እኛ ስለሆነ የምታወሩት አንድ ነገር ልበል። እትዬ የማታ ሻማ፣ እርስዎ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ስካይሪምን በ15 ዓመቴ ከአባቴ ጋር ነው የተጫወትኩት። ከሁሉም የማስታውሰው ዘንዶውን አይደለም። አንድ ልጅ ነው። ብቻውን ጨለማ ቤት ውስጥ በሻማና በሰው አጥንት ገዳዮችን እየጠራ ነው። የሸሸበት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ አሮጊት ጨካኝ ናት፤ እሷን እንድገድልለት ለመነኝ። ሄጄ አየኋት። ልጆቹን ትሰድባለች፣ ትደበድባለች። ገደልኳት። ልጆቹ በደስታ ጮኹ።

አባቴ ምንም አልተቆጣም። "ደስ አለሽ?" ብቻ አለኝ። አዎ ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለ። ያን ቀን ማታ ስለ ፍርድ፣ ስለ በቀል፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር ስለሚለው እስክንተኛ አወራን። ከአባቴ ጋር እንደዚያ አውርተን አናውቅም ነበር።

ያን ሚሽን ብቻዬን ብጫወተው ኖሮ እሷን ገድዬ፣ ሽልማቴን ወስጄ፣ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ጌሙ አንድ ነው። አባቴ አጠገቤ መኖሩ ነው የለወጠው። ልጅዎ ብቻውን በሩን ዘግቶ ከሚጫወተው ባይጫወተው ይሻላል። አብራችሁት ከሆነ ግን ይችላል ብዬ አስባለሁ።


ቀይ_እስክሪብቶ

ከ20 ዓመት በላይ ያስተማርኩት ይህን ዕድሜ ነው። ከላይ የጻፈችው ልጅ የኔ ተማሪ ብትሆን በወደድኩ።

በ14 ዓመት ልጆች በጣም ይለያያሉ። አንዱ አሰቃቂ ነገር አይቶ ይጠይቃል፤ ሌላው አይቶ ዝም ይላል፤ ግን ማታ እንቅልፍ ያጣል። እህቴ፣ ልጅሽ የትኛው ነው? ቀደም ሲል ከባድ ፊልም ወይም ዜና ሲያይ ምን ሆነ? እሱን አስታውሺ። ሲሸነፍስ? ጆይስቲክ የሚወረውር ልጅ ከሆነ ዕድሜው 18 ቢሆንም ገና ነው።

ማንም ያላነሳው ደግሞ የ9 ዓመቷ ናት። ሶፋው ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ሳሎን ውስጥ የሚከፈት ጌም የሚመዘነው በተጫዋቹ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ባለው ትንሹ ልጅ ዕድሜም ነው። የተቀላ አንገት ለእሷ "የወንድሜ ጌም" አይደለም፤ ያየችው ነገር ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። ስካይሪም ውስጥ ሚሽን አያልቅም፤ ጌሙ ራሱ አዳዲስ እየፈጠረ ይሰጣል። ስለዚህ "ሲያልቅ አቆማለሁ" የሚባል ነገር አይሠራም። ደግነቱ በፈለጉበት ሰዓት ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን ማስቀመጥ፣ ይቻላል። በኦንላይን ጌም ልጁ መሀል ላይ ቢወጣ ጓደኞቹን ይጎዳል፤ "አንዴ እማ፣ አሁን አልችልም" ሲል እውነቱን ነው። እዚህ ግን ሴቭ አድርጎ መነሳት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ መዝገቡ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራበታል። እዚያ የሚታየው ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ራስን መግታት አለመቻል፣ ጌሙን ከሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የቆየ። አንድ ቅዳሜ ረዘም ያለ ጨዋታ በሽታ አይደለም።


የሁለት_ልጆች_አባት

ሰማያዊ ቀስት ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ጎበዝ ሰው ነው።

እኔ አሁንም ለቤቴ 17 ነው የምለው። ግን አንድ ነገር አሳፍሮኛል። የኔ ልጆች የተፈቀደላቸውን ጌም ሲጫወቱ አንድም ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም። ምልክቱን አይቼ በሩን ዘግቼ ነበር የምሄደው። ዛሬ ማታ ገብቼ እጠይቃቸዋለሁ።


የማታ_ሻማ

ሦስት ሳምንት አለፈ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ አልኩ።

መጀመሪያ ልጆቹ ከተኙ በኋላ መግቢያውን ብቻዬን አየሁት። አንገቱ ሲቀላ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ልጄን ቁጭ አድርጌ ምን እንዳለው ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀድሜ ማየቴ ራሱ አስደነገጠው። ቅዳሜና እሁድ፣ ለሁለት ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ እህቱ ከተኛች በኋላ፣ እኔ ባለሁበት፣ ያለ ሞድ ተባባልን። ዴይድራዎቹን ተወያየንባቸው። "እነሱን አልፋቸዋለሁ" አለኝ፤ እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። የእህቴን ልጅ ስልክም አብረን ከፍተን ካርዱን አውጥተናል። ጠዋት ጤዛ፣ እግዜር ይስጥሽ።

ያለፈው ቅዳሜ ያቺ አሮጊት ዘንድ ደረሰ። እኔ ታሪኩን ከዚህ አውቀዋለሁ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ቆሞ ብዙ አያት። ከዚያ ገደላት። ልጆቹ ሲጮኹ ዞር ብሎ አየኝ።

"ደስ አለህ?" አልኩት። ከሰማያዊ ቀስት አባት ነው የተዋስኩት።

ትከሻውን ነቀነቀ፤ አልመለሰልኝም። ቀጥሎ የጌሙ ሰው ሲተኛ ጠላፊዎች ወስደውት ባዶ ጎጆ ውስጥ ነቃ። ሦስት ሰዎች ፊታቸው ተሸፍኖ ታስረዋል። አንዲት የገዳዮች አለቃ ከላይ ተቀምጣ ከሦስቱ አንዱን ግደል አለችው። ያደረከው የእኛን ሥራ ነው፤ ዕዳ አለብህ አለችው። ልጄ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"እማ፣ እሷ እንዳደረኩት ታውቃለች" አለ።

"አዎ።"

"ሦስቱ ግን ምን አደረጉኝ?"

እኔ መልስ አልነበረኝም። እንደዚያ መሆን እንደሚቻልም አላውቅም ነበር፤ እሱ ጆይስቲኩን አነሳና ሰይፉን ወደ ራሷ ወደ አለቃዪቱ አዞረ። ስትወድቅ የታሰሩትን አንድ በአንድ ፈታቸው። ከዚያ ጠባቂ ፈልጎ የገዳዮቹን ነገር ነገረው፤ ጌሙም ማኅበራቸውን እንዲያጠፋ አዲስ ሚሽን ሰጠው።

ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ሳልነግረው ሴቭ አደረገ። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል፤ እኔም ያ ሚሽን ወዴት እንደሚያደርሰው ማወቅ ፈልጌያለሁ።